ባንኩ ሰባተኛ አያቴን ጠየቀኝ

እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ወይ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው፣ ወይ ዓይኑን ያመዋል። ስሜ ይርጋ ነው። ሥራ ቦታ አቪ ይሉኛል፤ አለቃዬ ይርጋ ሲል ምላሱ ይደናቀፋል። አድ ሃሎም በሚባለው ሠፈር ካሉት መጋዘኖች ባንዱ ማልገዛ እነዳለሁ፤ ያቺ ፊቷ ላይ ሁለት ሹካ ያላት፣ ዕቃ አንስታ እስከ ጣሪያ የምትሰቅለዋ መኪና። እንደኔ አድርጎ የሚነዳት የለም። እንቁላል በሹካዋ አንስቼ ሳልሰብር አስቀምጣለሁ። አንዴ ሰብሬያለሁ፣ ግን እንቁላሉ ቀድሞም የተሰነጠቀ ነበር። ትምህርት ካላችሁኝ፣ ትምህርት ቤቱ እኔን አልቻለኝም፣ ተለያየን።

ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ግን ጉራዬ ምን እንዳመጣብኝ ስሙ።

ያኔ ሁለት የባንክ ሒሳብ ነበረኝ፣ ሁለቱም በስሜ። አንደኛው ደሞዝ የሚገባበት ነው፣ ካርዱም የሱ ነው። ሁለተኛው የቁጠባ ነው፤ እሱ ላይ ለሠርጌ የምናጠራቅመው አለ። ግማሹ የኔ ነው፣ ግማሹ አባቴ ከጡረታው እየቆነጠረ ያስገባው ነው። አሁን የኔን ብልጠት ተመልከቱ። ሐሙስ ሐሙስ ሠፈሬ ሮቫ ዩድ ካለው ፀጉር ቤት እሄዳለሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ ሰው ሁሉ በመስተዋቱ እያየኝ፣ ስልኬን አወጣለሁ። የቁጠባውን ብር እንዳለ በአንድ ጣት ወደ ደሞዙ ሒሳብ አሳልፋለሁ። ቁጥሩ አረንጓዴ ሆኖ ቂብ ይላል። «ውይ፣ ዛሬም ገባልኝ» እላለሁ እያዛጋሁ። ዋናው ማዛጋቱ ነው። ቤቴ ስደርስ ደግሞ መልሼ ወደ ቁጠባው። ያው ብር ነው፣ ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ ኪሴ። ሰው ግን በየሳምንቱ የምከብር ይመስለው ነበር።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንደሚቀመጥ ግን አልቆጠርኩም።

አባቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር አስቆጥሮኝ ነበር። ላገባት የነበረችው ኦሪት ትባላለች። የሷ ሽማግሎችና የኛ ሽማግሎች ሊገናኙ ነው፤ ሲገናኙ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እስከ ሰባት ድረስ ዘመድ ሆነን ከተገኘን ጋብቻ የለም። አባቴ ከሽማግሎቹ ፊት ልጄ አፉን ይዞ እንዳይቀመጥ ብሎ ማታ ማታ ይይዘኛል።

«በል ቁጠር፣ ይርጋ።»

«ይርጋ ታከለ፣ ታከለ አድማሱ፣ አድማሱ ጀምበሬ።»

«ጀምበሬስ?»

«አባባ፣ እኔ የማገባው ኦሪትን ነው፣ ጀምበሬን አይደለም።»

«ውሻም ከሦስት አያት በላይ ቢጠይቁት ያውቅ ነበር» ብሎ ይነሣል። እኔ እስቃለሁ።

ያች ዓርብ መጣች። ዓርብ ሥራ በጊዜ ይዘጋል፣ አገሩ ሁሉ ለሰንበት ወደ ቤቱ ይሮጣል። እኔ ማልገዛዬን ሳላጥባት አልሄድም፣ እንደ ፈረስ ነው የምይዛት። ስወጣ ግቢው ጭር ብሏል። ከበሩ ውጭ አንድ ነጭ መኪና ቆማለች። ሾፌሩ መስኮት አውርዶ፣

«ወንድሜ፣ ሮቫ ዩድ ነህ አይደል? ግባ እናድርስህ» አለኝ፣ በጠራ የጎንደር አማርኛ።

ዕብራይስጥ ቢያወራኝ አልገባም ነበር። አማርኛ የሚያወራ ሰው ያርደኛል ብሎ ማን ይገምታል? ከኋላ ገባሁ። ከጎኔ አንድ ወፍራም ሰው ተቀምጧል፣ አንድ እጁ ላይ ብቻ ጥቁር ጓንት አጥልቋል። «ሌላኛው ጠፋብህ?» አልኩት።

የመለሰልኝ ጓንቱ ነው። አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ነው። ጓንቱ ውስጥ ብረት ነበረ።

ዓይኔን ስገልጥ መኪናዋ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ቆማለች፣ የጭነት መኪኖች ቂጣቸውን የሚያስጠጉበት የሲሚንቶ መድረክ ፊት ለፊት። እጆቼን ሆዴ ላይ አጣምሮ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮኛል፣ እንዳልወራጭ ደግሞ የመኪናውን ቀበቶ ጥርቅም አድርጎ አስሮብኛል። ስልኬ በእጁ ነው።

«በየሐሙሱ የምታዛጋባትን ነገር አድርጋት» አለኝ። «የቁጠባውን ወደ ደሞዝህ አሳልፍ። ከዚያ ካርድህን እንወስዳለን፣ ቁጥሩን ትነግረናለህ። ሌላ ጥያቄ የለንም።»

«የሠርግ ነው» አልኩ።

አሁንም አፍንጫዬን። ከዚያ ጉንጬን። ከዚያ ዓይኔን። አንድ ጥርሴ ምላሴ ላይ ሲንከባለል እንደ ቆሎ መሰለኝ። ሾፌሩ በመስተዋት ያየኛል፣ ሳየው ዓይኑን ይሰብራል። ወጣት ነው፣ ከኔ ብዙ አይበልጥም።

«እሺ፣ እሺ! አሳልፋለሁ!» አልኩ። እኔ ጀግና ነኝ፣ ግን ጥርስ ያለኝ ጀግና መሆን እፈልጋለሁ።

ስልኩን የሚከፍተውን ቁጥር ነገርኩት፣ ተከፈተ። የባንኩ መግቢያ ግን ቁጥር አይፈልግም፣ ፊቴን ነው የሚፈልግ። ባለ ጓንቱ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነው። አላወቀኝም። ፀጉሬን ይዞ ቀና አደረገኝና እንደገና ደቀነው። አላወቀኝም።

«አታጭበርብር!»

«ወንድሜ፣ ፊቴን አንተው ለውጠኸው ስልኩ በምን ይወቀኝ? እናቴም ብትነሣ አታውቀኝ።»

ሾፌሩ ፈገግ ሊል ሲል አየሁት። ባለ ጓንቱም አየው። በሾፌሩ የተቆጣውን በኔ ላይ ተወጣ፤ የግራ ትንሿን ጣቴን ይዞ ወደ ኋላ ቀለበሳት። ጮህኩ። አንድ ባቡር በዚያው ሰዓት እያጓራ አለፈ፤ ጩኸቴን ማን ይሰማል? ጣቷ ከዚያ ወዲያ እንደ ሌላ ሰው ጣት ነበረች።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ባንኩ ተናደደና ፊት መጠየቁን ተወ። በሱ ፈንታ አንድ ጥያቄ ብቅ አለ። ባለ ጓንቱ አነበበው፣ እንደገና አነበበው።

«የሰባተኛ አያትህ ስም ማነው ይላል። ምን ዓይነት ባንክ ነው ይህ?»

ያኔ ትዝ አለኝ። ሒሳቡን ስከፍት ገና ልጅ ነበርኩ፣ አባቴ አጠገቤ ሆኖ መፈረም ነበረበት። የባንኳ ልጅ «አንድ ቀን ቢጠፋብህ የምንጠይቅህ፣ ሌላ ሰው የማያውቀው ጥያቄ ምረጥ» አለችኝ። ለአባቴ ተረጎምኩለት። አባቴ ሳቀ። «ሌባ የማያውቀው? ሰባተኛ አያቱ ማነው በሏት። ሌባ የራሱንም አያውቅ» አለ። ስሙን ነገራት፣ እየደጋገመ አስጻፋት። እኔ በዚያች ሰዓት የልጅቱን ጥፍር ቀለም አይ ነበር።

«ተናገር!» አለ ባለ ጓንቱ።

«አላውቀውም።»

«የገዛ ባንክህን መልስ አታውቅም?»

«ታከለን አውቃለሁ፣ አድማሱን አውቃለሁ፣ ጀምበሬን አውቃለሁ...»

ሁለተኛዋን ጣቴን ያዘ። «ጀምበሬን ማን ጠየቀህ!» ቀለበሳት። ራሴን ሳልስት የቀረሁት ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ቢላ አወጣ፣ ትንሽ፣ እንደ ብርቱካን መላጫ ያለ። እስኪሪቢቶ እንደሚሰካ ጭኔ ላይ ሰካው። ሱሪዬ ሞቀ። አለቀስኩ። እዚህ ላይ ልዋሽ ነበር፣ ግን ሾፌሩ አይቷል፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቢገድለኝ ለገንዘብ አይደለም፣ ባልተማርኩት ስም ነው። እሱ እንደምዋሸው ነው የሚያስበው። የሦስተኛ አያቱ አባት ስም የጠፋበት ሰው አለ ቢሉት አያምንም።

«አባቴ ያውቃል!» አልኩ። «ልደውልለት! ግን ቶሎ፤ ጀምበር ስትጠልቅ ስልኩን ያጠፋል። እስከ ነገ ማታ አይከፍተውም፣ ንጉሥ ቢደውልም።»

ፀሐይዋ ከመድረኩ ጫፍ ላይ ቀይ ሆና ተቀምጣለች። ባለ ጓንቱ ቢላውን ነቅሎ አንገቴ ላይ አኖረው። «ስሙን ብቻ። አንዲት ሌላ ቃል ብትወጣህ ደምህን በስልክ ይሰማዋል።» ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አደረገው።

ጠራ። ጠራ። ጠራ። አባቴ ስልኩን በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ሲያስገባ ታየኝ። ከዚያ፣

«ሰንበት ሰላም!» አለ የአባቴ ድምፅ።

«ሰንበት ሰላም፣ አባባ» አለ ሾፌሩ።

እኔ አይደለሁም፣ ሾፌሩ ነው! ሽማግሌ ሰንበት ሰላም ሲል መልስ ሳይሰጥ የሚያልፍ ልጅ እኛ ቤት አላደገም፤ ከአፉ አመለጠው። ባለ ጓንቱ ሊውጠው በሚመስል ዓይን አየው።

«አባባ፣ ይርጋ ነኝ» አልኩ ቶሎ። «ሰባት ቤት... ቁጠሩልኝ።»

«ዛሬ ምን ነካህ?» አለኝ። «የት ነህ?»

«ሥራ።»

ዓርብ በዚያ ሰዓት ሥራ የሚባል ነገር እንደሌለ አባቴ ያውቃል። ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ እህል እንደሚለቅም።

«ይርጋ የታከለ። ታከለ የአድማሱ። አድማሱ የጀምበሬ። ጀምበሬ የወርቅነህ። ወርቅነህ የቢያድግልኝ። ቢያድግልኝ ሁለት ወለደ፣ ወርቅነህንና ተገኘን። የተገኘ ዘር...»

«አሳጥር!» ብሎ ባለ ጓንቱ ጆሮዬ ላይ ተነፈሰ።

«አሳጥሩ፣ አባባ።»

«ዘር አያጥርም። ቢያድግልኝ የእንግዳ። ስድስት። እንግዳ ደግሞ የ...»

አቆመ። ቢላው አንገቴን ጫር አደረገኝ። ባለ ጓንቱ መታገሥ አቃተው፣ ስልኩን ወደ አፉ ወስዶ ጮኸ፤ «አንተ ሽማግሌ! ስሙን ተናገር፣ አለዚያ ልጅህን በጨርቅ ነው የምትለቅመው!»

የሰው አባት ይህን ሲሰማ ይጮኻል፣ ይለምናል። አባቴ ግን ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

«ይህ ባለጌ ነው» አለ። «ያ ሰንበት ሰላም ያለኝ ልጅስ? አንተ ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?»

እዚህ ላይ ጥቂት ቁሙልኝ። እናንተ ስንት ጊዜ ተጠይቃችኋል ይህን? ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ። ሽማግሌ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «የማን ልጅ ነህ?» ሲል አፍ ከአእምሮ ይቀድማል። ከተወለድን ጀምሮ እንዲያ ነው የተገራን።

«የባይህ ልጅ ነኝ፣ አባባ» አለ ሾፌሩ።

የባለ ጓንቱ ቢላ ከአንገቴ ተነሣ።

«የሮቫ ቫቩ ባይህ? ባይህ ካሴ?» አለ አባቴ። «እንዴ! ባይህ የካሴ፣ ካሴ የአዛናው፣ አዛናው የተገኘ፣ ተገኘ የቢያድግልኝ! አምስት ቤት ላይ ትገናኛላችሁ እኮ! ባለፈው ሰንበት ጸሎት ቤት አጠገቤ ነው የቆመ። ጉልበቱን ያመዋል፣ ተቀመጥ ብለው እምቢ አለኝ።»

እኔ ደሜ እየፈሰሰ ነው፣ አባቴ እዚያ ሆኖ ከሾፌሩ ጋር መጋባት እንደማልችል ይነግረኛል።

ባለ ጓንቱ ሾፌሩን ከኋላ በቡጢ ማጅራቱን መታው። «ስምህን ሰጠኸው! አንተ ከብት! አባትህን ሰጠኸው!» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ፣ ከጩኸቱ ይልቅ ያ ነው ያስፈራኝ። «አሁን ይህ ልጅ ወደ ቤቱ አይሄድም። ገባህ? አንተ ነህ የምትጨርሰው። ያፈሰስከውን አንተው ጥረግ።» ቢላውን በፊተኞቹ ወንበሮች መሐል አሳልፎ ዘረጋለት።

ሾፌሩ ቢላውን አየው። በመስተዋቱ እኔን አየኝ፤ ያን ጊዜ ዓይኑን አልሰበረም። ስልኩ ወንበሩ ላይ ወድቆ አባቴ አሁንም ይናገራል፤ «ልጄ፣ የባይህ ልጅ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ፣ አባባ» አለ ቀስ ብሎ። ቢላውን አልተቀበለም። ቀበቶውን ስቦ ራሱን ሲያስር ጠቅ ሲል ሰማሁ። የማርሹን እጀታ ገፋ።

ባለ ጓንቱ ገብቶት «አንተ!» ሲል፣ መኪናዋ ተወርውራለች።

የሲሚንቶው መድረክ ወደ እኛ የመጣ ነው የመሰለኝ። ቀበቶው ደረቴን ለሁለት የከፈለኝ ያህል ያዘኝ፤ ትከሻዬ ላይ አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ቀበቶ ያላሰረው ባለ ጓንቱ ብቻ ነበር። ከጎኔ ተነሥቶ በሁለቱ ወንበሮች መሐል እንደ ጆንያ ሲበር አየሁት፤ ራሱ የፊቱን የመኪና መስኮት አገኘው። እኔን ለማሠቃየት ያሰረኝ ቀበቶ እኔን አተረፈኝ። ይህን ለአምላክ ትቼዋለሁ፣ ከኔ ትምህርት በላይ ነው።

ከዚያ ጭስ። ከዚያ የጥሩምባው ድምፅ፣ አላቆም አለ። ሾፌሩ ግንባሩ ተተርትሮ በሬን ከፈተ፣ ማሰሪያዬን በዚያው ቢላ ቆረጠልኝ፣ ሸሚዙን አውልቆ ጭኔን አሰረው። መሮጥ ይችል ነበር። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሰው የለም። መሬት ላይ ከጎኔ ተቀመጠ።

«ለአባቴ አትንገርብኝ» አለኝ።

«መኪና መንዳት ግን አትችልም» አልኩት። ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ።

ቀና ስል ፀሐይዋ የለችም። ሰንበት ገብቷል። መኪናው ውስጥ ግን፣ ወንበር ሥር የወደቀው ስልክ፣ «ይርጋ! ይርጋ! ይርጋ!» ይላል። በዕድሜው ሙሉ ሰንበት ገብቶ እሳት ያልነካ፣ መብራት ያልነካ ሰው ስልኩን አልዘጋም።

ፖሊሶቹ ሲመጡ አምቡላንሱም አብሮ መጣ። ከፊተኛው የፖሊስ መኪና፣ ከሾፌሩ ጎን፣ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሽማግሌ ወረደ። በሰንበት። በመኪና። ለካ አንድ ጆሮው ለኔ፣ አንድ አፉ ለጎረቤት ሆኖ ነበር፤ ጎረቤቱ በሌላ ስልክ ፖሊስ ይጠራል፣ እሱ እኛን ያዋራል። ዘር ማስረዘሙ ለካ ጊዜ ለመግዛት ነበር። ደግሞ የሚወደውም ስለሆነ ነው።

የአምቡላንሱ አልጋ ላይ ሲያወጡኝ ጎንበስ አለ። የሚስመኝ መስሎኝ ነበር። አፉን ጆሮዬ ላይ አደረገና ሰባተኛውን ስም ነገረኝ። አንዴ። አልደገመውም። መድገምም አያስፈልግም ነበር።

ባለ ጓንቱ ተረፈ፣ ታሰረ፤ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው አሉ። የባይህ ልጅም ታሰረ። ፖሊሶቹ ሲጠይቁኝ እውነቱን ሁለቱንም ተናገርኩ፤ ወደዚያ ያደረሰኝም እሱ ነው፣ ከዚያ ያወጣኝም እሱ ነው። ዳኛው ሁለቱንም ሰማ፤ ፍርዱ ከባለ ጓንቱ ያነሰ ሆነ።

ሆስፒታል ሳለሁ ባይህ መጣ። እንዳገራችን ወግ ይቅርታ ሊለምን ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ ያንን ጉልበቱን እየጎተተ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ድንጋዩን አላስገባም አለው። «ይህ ምንድን ነው?» «ይቅርታ ነው።» «ይቅርታ ከሆነ እዚሁ ይቀመጥ፣ ስትወጣ ትወስደዋለህ።» ሽማግሌው ባዶ ትከሻውን ጎንበስ አድርጎ፣ ድንጋዩ እንዳለ ሁሉ እያቃሰተ ክፍሌ ገባ። አባቴ ተነሥቶ ወንበሩን ሰጠው። «ባለፈው ሰንበት ተቀመጥ ብዬህ ነበር» አለው። ያን ጊዜ ተቀመጠ። እኔ ምን እላለሁ? ትከሻዬ ጀሶ ነው፣ አፌ ተሰፍቷል። ያልተሰበረ እጄን ዘረጋሁለት።

ኦሪትን ቆጠርናት፤ እስከ ሰባት ድረስ አንድም ቦታ አንገናኝም። ሽማግሎቹ ፊት እኔ ራሴ ነኝ የቆጠርኩ፣ አባቴ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ሠርጉ የቁጠባው ብር በበቃበት ልክ ሆነ፤ ዘፋኙ ርካሽ ነበረ፣ ያስታውቅም ነበር።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ሁለት ጣቶቼ ጠማሞች ናቸው። ፀጉር ቤት አሁንም እሄዳለሁ፣ አሁንም አዛጋለሁ፣ ግን እንቅልፍ ሲመጣብኝ ነው። ብሬን ከአንዱ ሒሳቤ ወደ ሌላው ሳሳልፍ በር ዘግቼ ነው፣ ሚስቴም ዞር ትላለች። ለእናንተ የምለው፣ ሰው ፊት ስልካችሁን አትንኩ ብቻ አይደለም። ማታ አባታችሁ «በል ቁጠር» ሲላችሁ አትሳቁ። እኔ ቀበቶ ያተረፈኝ ቢመስላችሁም፣ የቢያድግልኝ ሁለት ልጆች ናቸው ያተረፉኝ።

ባንክ ሄጄ ነበር። ልጅቱ «ጥያቄህ ከባድ ነው፣ በቀላል እንለውጠው፣ የመጀመሪያ ውሻህን ስም» አለችኝ። ውሻ የለኝም አልኳት፣ አያት ግን አለኝ።

አሁን ብትጠይቁኝ ሳልተነፍስ እቆጥራለሁ። ይርጋ የታከለ፣ ታከለ የአድማሱ፣ አድማሱ የጀምበሬ፣ ጀምበሬ የወርቅነህ፣ ወርቅነህ የቢያድግልኝ፣ ቢያድግልኝ የእንግዳ።

እንግዳ የማን? እሱን ለልጄ ነው የምነግረው፣ በጆሮው።